የአየር ንብረት ለውጥ፦ የተፈጥሮ ዑደት ነው ወይስ የሰው ሥራ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ «ዝናቡ ምን ሆነ?» በተባለ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ያው አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። የአየር ሁኔታ ዛሬ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ የሚያሰኘው ነገር ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የረጅም ጊዜ ጠባይ ነው። ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይወስዳሉ። «ትናንት ሽሮ ሜዳ በረዶ ጣለ» ስለ አየር ሁኔታ ነው። «ሐምሌ በአዲስ አበባ ጭቃ ነው» ስለ አየር ንብረት ነው። አያቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው አገሩን የከፋፈሉት በአየር ንብረት ነው።

ስለዚህ አንድ የሚያንቀጠቅጥ ኅዳር «ምድር ሞቃለች» የሚለውን ውሸት አያደርገውም። አንድ የሚያነድ መጋቢትም እውነት አያደርገውም።

የምድር አየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ አልነበር?

እንዴታ! ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አገራችንን እንይ። የባሌው የሳነቴ አምባ ዛሬ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ነው። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን ከፍታው ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶበት ነበር። ከበረዶው ዝቅ ብሎ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የዓለት መጠለያ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ትልልቅ ፍልፈል እያደኑ ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አጥንቱና አመዱ ይመሰክራል። ስሜን ተራሮችም የበረዶ ግግር ያረፈበት ምልክት አላቸው።

ጣና ደግሞ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። አዎ፣ ጣና! ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር ቆፍረው ያወጡት ደለል ይህን ያሳያል። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በዛና ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆኑ። የድሮው ሐይቅ ዳርቻ ምልክት ዛሬም ከውሃው ርቆ፣ ዳገቱ ላይ ይታያል። በዚያ ዘመን ሰሃራ ሣር ለብሶ ነበር፤ ጉማሬና አዞም ይኖሩበት ነበር።

ታዲያ «ድሮም ይለወጥ ነበር» የሚለው ሰው ልክ ነው። የሚሳሳተው «ስለዚህ አሁን የሰው እጅ የለበትም» ብሎ ሲጨርስ ነው። ድሮ ሰደድ እሳት በመብረቅ ይነሳ ነበርና ዛሬ ክብሪት የጫረ የለም አይባልም።

እነዚያን የድሮ ለውጦች ምን አመጣቸው?

ዋናው የምድር አካሄድ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምህዋር አንዳንዴ ወደ ክብነት፣ አንዳንዴ ወደ ሞላላነት ያደላል፤ ይህ በ100,000 ዓመት ገደማ ይመላለሳል። የምድር ዘንበል ማለትም ባለበት አይጸናም። በ22.1 እና በ24.5 ዲግሪ መካከል፣ በ41,000 ዓመት አንዴ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሁን 23.4 ላይ ነው። ሦስተኛው መወላገድ ነው። ልትቆም የተቃረበች እንዝርት ጫፏ እንደሚወላገደው ሁሉ የምድር ዛቢያም ይወላገዳል። የዚህ ውጤት በአየር ንብረት ላይ በ23,000 ዓመት ገደማ ይመላለሳል። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ይህን ሁሉ ያሰላው ኮምፒውተር ሳይኖር፣ በእጁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተይዞ በነበረበት ጊዜ ሳይቀር ስሌቱን አላቋረጠም።

ዛሬ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ግን የምትቀርበው በእኛ ክረምት ወራት ነበር። የሰሃራ ምድር በሰኔና በሐምሌ ከዛሬው አብልጦ ይግል ነበር። የጋለ ምድር ደግሞ ከባሕር እርጥብ አየር ይስባል። የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን የዘለቀው፣ ዝዋይና ሻላም የተገናኙት በዚህ ነው።

እነዚህ ዑደቶች ዛሬም አልቆሙም፤ ግን ዝግ ያሉ ናቸው። ላለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ምድርን በጥቂቱ ወደ መቀዝቀዝ ሲገፏት ነበር። የሚቀጥለው የበረዶ ዘመን በአሥር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይቀረዋል። በመቶ ዓመት ውስጥ የታየን ሙቀት በእነሱ ማሳበብ የሰዓቱን አጭር እጅ እያዩ ሰከንድ እንደ መቁጠር ነው።

ኤልኒኖ ምንድን ነው? ፓስፊክ ውቅያኖስ ቢሞቅ ወሎን ምን አገባው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያገባዋል። ኤልኒኖ የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የሚፈጠር ነው። ስሙን ያወጡት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሙቀቱ የሚበረታው በገና አካባቢ ስለነበር «ሕፃኑ» አሉት፣ ሕፃኑን ኢየሱስን ማለታቸው ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት እየቆየ ይመጣል። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ላኒና ይባላል።

ትልቅ ድስት ጥዶ እሳቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር ነው ነገሩ። የፓስፊክ ሙቀት ቦታ ሲቀይር አየሩ ወደ ላይ የሚወጣበትም፣ ተመልሶ የሚወርድበትም ቦታ ይቀየራል። በኤልኒኖ ዓመት ክረምት ላይ በእኛ ሰማይ ያለው አየር እንደልቡ ወደ ላይ አይወጣም። አየር ካልወጣ ደመና አይጠነክርም። እርጥበት የሚያመጡልን ነፋሳትም ይዳከማሉ። ስለዚህ ትግራይ፣ ወሎ፣ አፋር፣ ሐረርጌ ዝናብ ያጥራቸዋል። በ2015 የሆነው ይኸው ነው፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር።

ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ያው ኤልኒኖ ለቦረናና ለሶማሌ ብዙ ጊዜ ዝናብ ይዞ ይመጣል። እነሱ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚጠብቁት ዝናብ በኤልኒኖ ይጠነክራል። በ1997 እና በ2023 ጎርፍ እስኪሆን ድረስ ዘንቧል። እነሱን የሚጎዳቸው ላኒና ነው። «ኤልኒኖ መጣ» ሲባል አገር ሁሉ አብሮ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም። የት ነው የምትኖረው? የትኛውን ዝናብ ነው የምትጠብቀው? መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።

ክፉ ቀን እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ የአየር ንብረት ለውጥ ነበሩ?

ክፉ ቀን በአብዛኛው የተፈጥሮ ዑደትና የከብት በሽታ የተገናኙበት ጊዜ ነው። በ1888 ጠንካራ ኤልኒኖ ነበር። ዝናቡ ቀረ፤ የዓባይ ሙላትም በግብፅ ዝቅ አለ። በዚያው ሰሞን በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የደስታ በሽታ ገባና በሬውን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣም አያርስም። አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ያኔ ሰው የለቀቀው ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ገና ትንሽ ነበር።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ውስብስብ ነው። የዝናብ እጥረቱ እውነት ነው። ከሴኔጋል እስከ ሱዳን ባለው የሳህል ምድርም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድርቅ ነበር። ለሳህሉ ድርቅ የውቅያኖስ ሙቀት መዋዠቅ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ብናኝ ሰሜኑን የዓለም ክፍል ማቀዝቀዙና የዝናብ ቀበቶውን ወደ ደቡብ መግፋቱ ነው። ግን እኛ ጋ ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው ሰማዩ ስለደረቀ ብቻ አይደለም። ጦርነት ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ መንግሥትም ረሃቡን ሸፋፍኖት ነበር። በ2015 የነበረው የዝናብ እጥረትም ከባድ ነበር፤ እልቂቱ ግን አልተደገመም።

እሳተ ገሞራስ? የአፋሩ ፍንዳታ አየሩን አይለውጠውም?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሲደርስ ይህ ጥያቄ በየስልኩ ነበር። ለአካባቢው አርብቶ አደር ጉዳቱ የእውነት ነው፤ ግጦሹ አመድ ለብሷል። በምድር አየር ንብረት ላይ ግን ያን ያህል አይደለም። እሳተ ገሞራ ምድርን የሚያቀዘቅዘው ብዙ የድኝ ጋዝ አውጥቶ ዝናብ የማያጥበው ከፍታ ላይ ካደረሰው ነው። የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ በ1991 እንዲህ አድርጎ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ አውርዶት ነበር። እሱም ቢሆን ከጥቂት ዓመት አላለፈም። ኤርታሌማ ስንት ዘመን ሲንተከተክ የኖረ ነው፤ የሚፈሰውም እዚያው ነው።

ትልቁ ፍንዳታ ግን ሩቅ ሆኖም እኛን ይነካል። በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው ስንጥቅ ለስምንት ወር ያህል ሲተፋ ከረመ። በዚያው ወቅት የዓባይ ሙላት ወደቀ፤ ግብፅ ተራበች። ተመራማሪዎች ሁለቱን ያገናኟቸዋል፤ ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ተዳከመ ነው የሚሉት። የዓባይ የክረምት ሙላት ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ለእኛ አይነገረንም።

«እሳተ ገሞራ ከሰው የበለጠ ካርቦን ይለቃል» የሚለውስ? ስህተት ነው። ሰው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ብቻ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የዓለም እሳተ ገሞራዎች ተደማምረው የዚህን አንድ በመቶ አይሞሉም።

ፀሐይዋ ራሷ ሞቃ ቢሆንስ?

ተለክቷል። ከ1978 ጀምሮ ሳተላይቶች የፀሐይን ኃይል ከሕዋ ላይ ሆነው ይመዝናሉ። ፀሐይ በ11 ዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ ግን ከሺህ አንድ ያህል ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጨመር አዝማሚያ የላትም። ምድር በጣም የሞቀችው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። የምታሞቀን ፀሐይ ብትሆን የአየሩ የላይኛው ንብርብርም አብሮ ይሞቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የታችኛው ሞቀ፤ ላይኛው፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ ቀዘቀዘ። ብርድ ልብስ ስንደርብ ሙቀቱ ከውስጥ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ይበርዳል። የጋዝ ሥራ እንዲህ ነው።

እሺ፣ ሰው መሆኑን በምን አወቁ?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንደሚይዝ የታወቀው አሁን አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ጋዙን ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና ከተራ አየር የበለጠ እንደሚሞቅ አየች። በ1859 ጆን ቲንዳል ሙቀቱን እንዴት እንደሚውጥ በመሣሪያ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896፣ በዓድዋው ዓመት ማለት ነው፣ ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ አሰላ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድም መኪና አልነበረም።

ከዚያ መለካቱ መጣ። ቻርለስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ሲጀምር ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ከዚያ በፊት ያለውን ለማወቅ ደግሞ የአንታርክቲካ በረዶ ተቆፈረ። በረዶው ውስጥ የጥንት አየር በትንንሽ አረፋ ተይዞ ቀርቷል። በ800,000 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ180 እስከ 300 ባለው መካከል ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። 400 ደርሶ አያውቅም።

የጋዙ ምንጭስ? አሻራ አለው። ነዳጅና ከሰል በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ስላላቸው ካርቦን-14 የሚባለው ዓይነት አልቆባቸዋል። የአየሩ ካርቦን ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ድርሻ በነዳጅ ጭስ እየሳሳ ነው። ኦክስጅንም በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ነው፤ መቃጠል ኦክስጅን ይበላልና። ጋዙ ከውቅያኖስ የወጣ ቢሆን ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። በ2021 በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ሒሳቡን ሲያጠቃልል ምድር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ 1.1 ዲግሪ ያህል ሞቃለች አለ፤ ሰው ያመጣው ድርሻም ያንኑ ያህል ነው። ፀሐይና እሳተ ገሞራ ተደምረው በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ውስጥ ነው የሚወዛወዙት።

አንድ ዲግሪ ተኩል ምን አላት? ከጠዋት እስከ ቀትር 15 ዲግሪ ይለወጥ የለ?

የአንድ ቦታ ሙቀትና የመላው ምድር አማካይ ይለያያሉ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጫፍ፣ ከ20,000 ዓመት በፊት፣ የምድር አማካይ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው የሚያንሰው በ6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር። በዚያች 6 ዲግሪ ካናዳ ከሞላ ጎደል በሙሉ በበረዶ ሥር ነበረች። ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ጣናም የደረቀው ያ ዘመን ሳያበቃ ነው።

ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከበረዶው ዘመን ለመውጣት ምድር ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶባታል። አሁን አንድ ዲግሪ የጨመረችው በአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ነው። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳለው 2024 ከቅድመ ኢንዱስትሪው ዘመን በ1.55 ዲግሪ ገደማ የሞቀ፣ በልኬት ታሪክ አንደኛው ሞቃት ዓመት ነው። ኤልኒኖ ትንሽ አግዞታል። ግን ድሮም ኤልኒኖ ነበር፤ እዚህ አላደረሰንም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ 0.04 በመቶ ብቻ ነው። ይህች ምን ታመጣለች?

ናይትሮጅንና ኦክስጅን አየሩን ሞልተውታል፤ ግን ከምድር የሚወጣውን ሙቀት አይዙም። እንደ ሌሉ ቁጠራቸው። ሥራው የተተወው ለጥቂቶቹ ነው። አንድ ቁንጥጫ ሚጥሚጣ ከድስቱ ጋር ብትመዘን ምንም አይደለችም፤ ወጡን የቀመሰ ግን ያውቃታል።

የውሃ ተን ከካርቦን የበለጠ ሙቀት ይይዛል የሚለው እውነት ነው። ግን ተን በራሱ አይመራም፤ ይከተላል። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል። የበዛው ተን በቀናት ውስጥ ዘንቦ ይወርዳል። ካርቦኑ ግን ከፊሉ ለሺህ ዓመታት ይቆያል።

በጥንቱ በረዶ ውስጥ ሙቀቱ ቀድሞ፣ ካርቦኑ ተከትሎ አይደል የሚታየው?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አንብቧል ማለት ነው። አዎ፣ በአንታርክቲካው በረዶ ብዙ ጊዜ ሙቀቱ በትንሹ ይቀድማል። ምክንያቱም ያኔ መጀመሪያ የሚነካው የምህዋሩ ለውጥ ነው። እሱ በጥቂቱ ያሞቃል። ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ልክ ፀሐይ ላይ እንደቆየ አምቦ ውሃ፣ ጋዙን ይለቃል። የተለቀቀው ጋዝ ተመልሶ ሙቀቱን ያባብሳል። የምህዋሩ ለውጥ ብቻውን ያን ሁሉ በረዶ አያቀልጥም ነበር።

ያኔ ሙቀት ጋዙን ጠራው፣ ጋዙ ሙቀቱን አገዘ። ዛሬ ጋዙን ቀድመን የምንለቀው እኛ ነን። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ከእንቁላልም ዶሮ ይወጣል። አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

ዝናብ የሚሰጥ ፈጣሪ ነው። ሰው ሰማዩን ለመለወጥ ምን አቅም አለው?

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእምነት ነው፤ ቴርሞሜትር አይመልሰውም። ሁለተኛው ግን ይለካል። በ1985 ሳይንቲስቶች ከአንታርክቲካ በላይ ያለው የኦዞን ሽፋን መሳሳቱን አሳወቁ። ጥፋተኛው ለፍሪጅና ለሽቶ መንፊያ የተሠራ ጋዝ ነበር። በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተስማሙና ጋዙን ቀስ በቀስ አስቀሩት። አሁን ሽፋኑ እያገገመ ነው። ሰው ሰማዩን ጎድቶ መልሶ ሲጠግን አይተናል።

ዝናብ የጠፋው ደናችንን ስለጨፈጨፍን አይደለም?

ይህ ጥያቄ ስሜት ይነካል፤ ልጆች ሆነን «ደናችን 40 በመቶ ነበር፣ 3 በመቶ ቀረ» እየተባልን አድገናል። የ40ውን ምንጭ የመረመሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ጠንካራ ልኬት አላገኙበትም። ሰሜኑ ደጋ ከብዙ መቶ ዓመት በፊትም በአመዛኙ የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። የዛሬው ቁጥርም እንደ ትርጉሙ ይለያያል። መንግሥት ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት «ደን» የሚለውን ሲያሰፋው ቁጥሩ ከ15 በመቶ በላይ ሆነ፤ በአንድ ጀምበር ዛፍ በቅሎ አይደለም።

ለዝናባችን የሚሆነው እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ ነው፦ ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደንና ከአትላንቲክ በኩል፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን። የአንድ ወረዳ ዛፍ መቆረጡ ብቻ ክረምቱን አያስቀርም። ዛፉ የሚሠራው ዝናቡ ከወረደ በኋላ ነው። አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያሰርጋል፣ ምንጩን ያቆያል፣ ጥላ ይሰጣል። «ዝናብ ቀነሰ» የሚሉን ብዙ ገበሬዎች ምንጩ ስለነጠፈ ነው የሚሉት፤ ዝናቡ ያው ሆኖ ውሃው ሳይሰርግ ተጠራርጎ ሄዶ ይሆናል። ችግኝ ለመትከል ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ሐይቅ ሲደርቅ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ እናጠፋለን። ሐረማያ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ሲደርቅ ዋናው ምክንያት ፓምፕ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞች መጠጥ ተሳበ፤ ደለልም ሞላው። ኋላ ላይ ውሃው ተመልሷል። አብያታ የሚሸሸው ከዝዋይና ወደ እሱ ከሚወርዱት ወንዞች ውሃው ለመስኖ ስለሚጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ስለተቀዳ ነው። የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው መተሐራ ላይ መንገድና ባቡር ሐዲድ እስኪውጥ እየሰፋ ነው።

አጥፊው በአየር ንብረት ለውጥ ስም ሲደበቅ ማየት ያበሳጫል። ሰማዩን የከሰሰ ኃላፊ ፓምፑን አይቆጥርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በእርግጠኝነት የተለወጠው ምንድን ነው?

ሙቀቱ። ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። በአዲስ አበባ አስፋልቱና ሕንፃው የራሱን ይጨምራል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋል።

ወባ ሌላው ምልክት ነው። በ2014 የታተመ፣ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች የተሠራ ጥናት በሞቃት ዓመታት ወባ ሽቅብ እንደሚወጣ አሳይቷል። የደጋ ሰው ከወባ ጋር ትውውቅ ስለሌለው ሲይዘው ይበረታበታል። ሰሜን ሸዋ ያለች አንዲት ዘመዴ «ድሮ አጎበር የቆላ ዘመድ ቤት ነበር የምናየው» ትላለች።

ኢትዮጵያ ምን ያህል አጥፍታለች? ለምን እኛ ይነገረናል?

ከዓለም ልቀት ድርሻዋ ከመቶ አንድ አይሞላም። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል የውሃ ነው። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድ እንዳሰላው የአገሪቱ ልቀት በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህ ከ85 በመቶ በላዩ ከግብርናና ከደን መመንጠር የመጣ ነው። ከብቶቻችን የሚያገሱት ሚቴን አለበት። በዕዳው ላይ ድርሻችን ኢምንት ነው፤ በጉዳቱ ላይ ግን ከፊት ተሰልፈናል። በ2027 አዲስ አበባ የምታስተናግደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የሚነሳው ትልቁ ክርክርም ይኸው ይሆናል፦ ማን ይክፈል?

ዛሬ ልቀቱ ቢቆም ምድር ትቀዘቅዛለች?

ወዲያው አትቀዘቅዝም። መሞቋን ግን ብዙም ሳትቆይ ታቆማለች፤ ይህ መልካም ዜና ነው። የጨመረው ሙቀት ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮን ይቆያል፤ ባሕሩም መጨመሩን አያቆምም። ሚቴን ለየት ይላል፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ከአየሩ ይጠፋል። ስለዚህ እሱን መቀነስ ፈጥኖ ይታያል።

ታዲያ ወደፊት ዝናባችን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የሙቀቱን አቅጣጫ ሁሉም የኮምፒውተር ሞዴሎች ይስማሙበታል። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ። ብዙዎቹ ለምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይጨምራል ይላሉ። በተግባር ግን የምሥራቁና የደቡቡ የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ካለፉት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ ሲቀር ታይቷል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል። የክረምቱ ዝናብ ድምር ደግሞ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ ጎልቶ የወጣ አቅጣጫ የለውም።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ቦረናና ሶማሌ ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ላኒና ሦስት ዓመት ተደራርቦ ነበርና የተፈጥሮ ዑደቱ አለበት። በኋላ ድርቁን የመረመሩ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ግን የሰው ልቀት ያመጣው ሙቀት ያን የመሰለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ ጨምሮታል አሉ። ትልቁ ምክንያት ትነት ነው። የዘነበችውንም ጥቂት ዝናብ የጋለው አየር ከአፈሩ መጦ ወሰዳት። ያው ላኒና በአያቶች ዘመን ቢመጣ ሣሩ ጥቂት ሳምንት ይቆይ ነበር።

ስለዚህ ገበሬውና አርብቶ አደሩ ሁለቱን መከታተል አለባቸው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግ፣ ክረምትና በጋ ከመግባታቸው በፊት ትንበያ ያወጣል፤ ኤልኒኖና ላኒና እዚያ ውስጥ አሉ። ትንበያው «መደበኛ ዝናብ» ቢልም እንኳ ሙቀቱ ከፍ ካለ አፈሩ ቶሎ እንደሚደርቅ አስቦ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር መምረጥ፣ ውሃ ማቆር፣ ከብቱን በጊዜ መቀነስ የግድ ነው።